በቀጠሮ የወጣ ምስጋና

ጽጌማርያምን ላሊበላ ውስጥ የሚወዳት ሰው ጥቂት ነበር። የሎጁ ሠራተኞች «የጌታው ጆሮ» ይሏታል፤ እሷ ስትመጣ ወሬ ይቋረጣል፣ ምሳ የሚበላውም ሰው ሳይጠግብ ይነሳል። እሷም ብትሆን ሰው አትለማመጥም። ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲህ ካለ የገበሬ መንደር ወጥታ፣ ቱሪዝም ተምራ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆማ ዓመታት የሠራች፣ ፊቷ ቶሎ የማይፈታ፣ ምላሷ ግን ቶሎ የሚፈታ ሴት ናት።

ያን ስም ያወጣላት ሥራዋ ነው። የሎጁ ባለቤት አቶ አረጋ የላስታ ልጅ ቢሆንም ኑሮው አዲስ አበባ ነው። ባለሀብቶችና የድርጅት ኃላፊዎች በሚገናኙበት ሊንክድኢን ላይ ስሙ የታወቀ ነው፤ «ወገኑን ያልረሳ ባለሀብት» ይሉታል። በስሙ የሚወጣውን ጽሑፍ ሁሉ የምትጽፈው ግን ጽጌማርያም ነበረች። ፎቶውን ታነሳለች፣ በእንግሊዝኛ ታሳምራለች፣ ከዚያ የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት ሞልታ ታስቀምጠዋለች። ላሊበላ መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱም በተገናኙ ቀን ለወራት የሚሆነውን ትደረድራለች። ቀኑ የደረሰው ጽሑፍ ራሱን ችሎ ይወጣል፤ ከተማው ቢጨልምም ይወጣል።

ከደረደረቻቸው አንዱ የእትዬ ሙሉዬ ነበር። እትዬ ሙሉዬ ሎጁ ከተከፈተ ጀምሮ አንሶላ የሚያጥቡ፣ እጃቸው በበረኪናና በቀዝቃዛ ውሃ የተላጠ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት አንሶላ ገመድ ላይ ሲያሰጡ ሰብሌ የምትባል የሥራ ባልደረባቸው ሳሙና አዳልጧት በቂጧ ቁጭ አለች። እትዬ ሙሉዬ ዞረው ከት ብለው ሲስቁ ጽጌማርያም ከሰገነቱ ላይ ሆና ፎቶ አነሳቻቸው። ነጩ አንሶላ በነፋስ ተወጥሮ፣ ከኋላ ተራራው ቆሞ፣ ፎቶው እውነትም ያምር ነበር። ፈቃድ አልጠየቀችም። ከሥሩ በአረጋ ስም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሙሉዬ ሠራተኛዬ አይደለችም፤ ቤተሰቤ ናት። በየማለዳው አንሶላ ስታሰጣ ለእንግዶቻችን ትጸልያለች። ቤተሰብ ደግሞ በክፉ ቀን አይበተንም።»

ክፉው ቀን መጣ። መንገዱ አስጊ ሆነና እንግዳ ጠፋ። የከተማው የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ መደወል ብቻ ይቻል ነበር። አረጋ ከአዲስ አበባ ደወለላትና አጣቢዎቹና አትክልተኞቹ ከሰኞ ጀምሮ እንደተሰናበቱ እንድትነግራቸው አዘዛት።

«እኔ ሥራ አስኪያጅ አይደለሁም እኮ፣ አቶ አረጋ» አለችው።

«ሥራ አስኪያጁ አፉ ይያያዛል። አንቺ ይሻላል» ብሎ ዘጋው።

ሰኞ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸውና ስማቸውን እየጠራች ነገረቻቸው። «አዝናለሁ» የምትል ቃል እንኳ አልጨመረችም። አትክልተኛው ታፈረ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ መታና «አፍሽን ለሸጥሽበት ይብላኝልሽ!» አላት። እትዬ ሙሉዬ ሽርጣቸውን ፈተው እግሯ ሥር ጣሉና ወጡ።

የተደረደሩት ጽሑፎች ትዝ ሳይሏት ቀርተው አይደለም። ትዝ አሏት። ግን ኢንተርኔት የለም፤ ላሊበላ ውስጥ ደግሞ ማን ያየዋል ብላ ተወችው።

አርብ ቀን ጽሑፉ በሰዓቱ ወጣ። አዲስ አበባ ባንክ ቤት የምትሠራው የእትዬ ሙሉዬ ልጅ የአብስራ አየችው። እናቷ ከሥራ መባረራቸውን ገና አልሰማችም ነበር፤ በደስታ ደወለች። «እማዬ፣ ታዋቂ ሆንሽ እኮ! ስንት ሰው አመሰገነሽ መሰለሽ!» አለችና ጽሑፉን ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። እትዬ ሙሉዬ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና በቀጥታ ወደ ሎጁ በር ሄዱ።

«አንቺ! ውጪ!» ብለው ተጣሩ። ጽጌማርያም ወጣች። «እኔ ለእንግዳ ጸልዬ አውቃለሁ?»

«እትዬ ሙሉዬ፣ እስቲ ይረጋጉ፤ ይግቡና…»

«አልገባም! እኔ የምጸልየው ወገቤን እንዲያሽረኝ ነው። ማን ነግሮሽ ነው ጸሎቴን የጻፍሽው? ሰኞ አባረሽኝ፣ አርብ ቤተሰቤ ናት ትያለሽ?»

«ያልኩት እኔ አይደለሁም። በአቶ አረጋ ስም ነው የወጣው።»

«እሱ ሲጽፍ አንቺ ቀለም ትበጠብጫለሽ? የልጄ የሥራ ጓደኞች ሁሉ አይተውታል። በአገር ፊት መሳቂያ አደረግሽኝ!»

የባጃጅ ሾፌሮች ሞተራቸውን አጥፍተው ያዩ ጀመር። አንዱ «ደግ አደረጉ እማማ፣ ይንገሯት!» አለ። ጽጌማርያም ፊቷ ደም መሰለ። እዚያው በሩ ላይ ቆማ ለአረጋ ደወለችና ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«የእትዬ ሙሉዬን ጽሑፍ ማውረድ አለብን» አለችው።

«እንዳይነካ! እስከ ዛሬ ከወጡት ሁሉ የተወደደው እሱ ነው። እንዲያውም የባለሀብቶች ስብሰባ ላይ ስለ ሴት ሠራተኞቻችን ተናገር ተብያለሁ።»

«ተባርረዋል እኮ።»

«ፎቶ ስታነሻት ሠራተኛ ነበረች፣ አልነበረችም? ታዲያ ውሸቱ የቱ ላይ ነው?»

«ገጹ በእኔ እጅ ነው። ኢንተርኔት ያለበት ሄጄ እሰርዘዋለሁ።»

«በእጅሽ ያለው የእኔ ስም ነው። አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ!» ብሎ ዘጋው።

እትዬ ሙሉዬ ሰምተዋል። «ኢንተርኔቱ የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ።

«ጋሸና።»

«ነገ እንሄዳለን። ብቻሽን ሄደሽ ሰረዝኩ ብትይኝ አላምንሽም።»

በማግስቱ በአንድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ጽጌማርያም አጠገቧ ቦታ ያዘችላቸው፤ እትዬ ሙሉዬ አልፈዋት ከኋላ ጥራጥሬ ከጫነ ነጋዴ ጎን ተቀመጡ። ጋሸና ደረሱ። እዚያ የጭነት መኪኖች ከቆሙበት ፊት ለፊት ፈይሩዝ የምትባል ሴት ሻይ ቤት ገቡ፤ የጽጌማርያም ስልክ ተንጫጫ፤ ኔትወርኩ አለ።

ገጹን ስትከፍተው ከፎቶው ሥር የሰው አስተያየት ተደርድሯል።

«ምን ይላሉ? አንብቢልኝ» አሉ እትዬ ሙሉዬ።

«ቢቀር አይሻልም?»

«አንብቢ!»

«አንዱ ‹እንዲህ ያለውን መሪ ያብዛልን› ይላል።»

«ሌላውስ?»

«‹ፊቷ ላይ የሚታየው ደስታ የመልካም አስተዳደር ውጤት ነው።›»

«ሰብሌ በቂጧ ስለወደቀች ነው የሳቅኩት!» ብለው ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። ሻዩ ተደፋ።

«ኧረ በአላህ፣ ብርጭቆዬን!» አለች ፈይሩዝ። «ጠባችሁን ከቤቴ ውጭ አድርጉት!»

ጽጌማርያም ቀናቸው ደርሶ እንዳይወጡ ብላ መጀመሪያ ገና ያልወጡትን መሰረዝ ጀመረች። ሰብሌ ካውያ ይዛ፣ ታፈረ ጽጌረዳ ሲኮተኩት፤ የተባረሩትን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋች። እትዬ ሙሉዬ ትከሻዋ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቋታል። የእሳቸው ጋ ልትደርስ ስትል ስልኩ ጠራ። አረጋ ነው። አዲስ አበባ ካለው ቢሮ ገጹን የሚከታተል ሰው ጽሑፎቹ ሲጠፉ አይቶ ነግሮታል። ጽጌማርያም መልስ ሳትሰጥ እትዬ ሙሉዬ ስልኩን ከእጇ ነጠቁ።

«አቶ አረጋ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሙሉዬ ነኝ። ፎቶዬን ያውርዱልኝ።»

«ሙሉዬ፣ ይሄ እኮ ለአንቺም ክብር ነው። ስንቱ ይመኘዋል መሰለሽ!»

«ክብሩን ለእናትዎ ያድርጉላቸው። እሳቸውን አንሶላ አሸክመው ይለጥፏቸው።»

«አፍሽን ሰብስቢ! ያቺ ልጅ ናት ይሄን ያስተማረችሽ።»

እትዬ ሙሉዬ በሎጁ ዘመናቸው ሁሉ አረጋን ከ«እርስዎ» ዝቅ አድርገው ጠርተውት አያውቁም። ያን ጊዜ ግን ተዉት።

«ስማ፣ አንተ! የሰከረ እንግዳህን ትውከት አጥቤልሃለሁ። ወገቤ እስኪቀነጠስ አንሶላህን አጥቤልሃለሁ። ፊቴን ግን አልሸጥኩልህም!»

ስልኩ ተዘጋ። ጽጌማርያም ተቀብላ ወደ ገጹ ብትመለስ አስወጥቷታል፤ የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል።

«ጠፋ?» አሉ እትዬ ሙሉዬ።

«ያልወጡት ጠፍተዋል። የእርስዎ አልጠፋም። ዘጋብኝ።»

«አውቄዋለሁ። ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ። ሁላችሁም አንድ ናችሁ።»

ይህን ጊዜ ጽጌማርያም ፈነዳች። «እኔ ከማን ጋር ነው አንድ የሆንኩት? ያን ቀን ስማችሁን ስጠራ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ጥርሴን ነክሼ ነው! ከእኔ ጋር ምሳ መብላት የተዋችሁት እኮ ገና ማንም ሳይባረር ነው!»

«ታዲያ ምን እናድርግሽ? እናባብልሽ?»

ጽጌማርያም ስልኩን ወደ እትዬ ሙሉዬ ፊት አዞረች። «ይናገሩ። ቪዲዮ እቀርጽዎታለሁ። በራሴ ገጽ፣ በራሴ ስም አወጣዋለሁ።»

«ፈርተሽ ኋላ ብታጠፊውስ?»

«ፈርቻለሁ። አላጠፋውም።»

እትዬ ሙሉዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «እኔ ሙሉዬ ነኝ። አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ሰኞ ተባረርኩ፤ አርብ ተመሰገንኩ። ፎቶዬን አውርዱ» አሉና አፋቸውን ገጠሙ። ጽጌማርያም «ሌላ የሚጨምሩት የለም?» ብትላቸው «ሌላማ አንቺ ነሽ የምትጨምሪው» አሏት። ምንም አልጨመረችም። ቃላቸውን ብቻ በእንግሊዝኛ ከሥሩ ጽፋ፣ የአረጋን ስም አያይዛ፣ ቀን ሳትቀጥር እዚያው አወጣችው።

ሲመለሱም እትዬ ሙሉዬ ከኋላ ተቀመጡ። ላሊበላ ሲወርዱ ግን ቆም ብለው «አመሰግንሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም» አሏት።

«አልጠበቅሁም» አለች ጽጌማርያም።

የአብስራ ቪዲዮውን ለጓደኞቿ አዳረሰች፤ እነሱም ለሌላው። አረጋ መጀመሪያ «ቂም የያዘች ሠራተኛ ያቀናበረችው ነው» ብሎ አስጻፈ፤ ከዚያ ስድቡ ሲበረታበት ፎቶውን አወረደው። ወደ ስብሰባው ከመሄድ ግን አልቀረም፤ ስለ ሴት ሠራተኞች መናገሩን ትቶ ስለ መንገድ ተናገረ አሉ። ጽጌማርያምን በስልክ አሰናበታት። ሌሎቹ ሆቴሎችም «አሠሪዋን ያዋረደች» ብለው በር ዘጉባት፤ ጋሸና ሄዳ አንድ ሲሚንቶ መሸጫ ተቀጠረች። ከተባረሩትም አንድም ሰው ወደ ሥራው አልተመለሰም።

አረጋ ኋላ ላይ ለእትዬ ሙሉዬ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው ካሜራ ያነገተ ሰው ቆሟል።

«አባቶቼ፣ እናንተ ግቡ። እሱ ግን ምን ሊያደርግ ነው የመጣው?» ብለው እትዬ ሙሉዬ ጠየቁ።

«እንዲያው ለማስታወሻ ያህል ነው፣ ልጄ» አሏቸው አንዱ ቄስ።

«እንግዲያው ዕርቁም ለማስታወሻ ነው። እግዜር ያክብርልኝ፤ በደህና ግቡ» ብለው የቄሱን መስቀል ተሳልመው በሩን ዘጉ።

ጽጌማርያም ላሊበላ የምትመጣው ለቅዳሜ ገበያ ነው። አንድ ቅዳሜ ታፈረ ከሽንኩርት ሻጮቹ መካከል አያትና መንገዷን ዘጋባት።

«የእኔን ለምን አጠፋሽው?»

«ምኑን?»

«ጽሑፉን ነዋ! ጽጌረዳ ስኮተኩት አንስተሽኝ አልነበረም? ሙሉዬ ነገረችኝ። ምን ብለሽ ጽፈሽ ነበር?»

ጽጌማርያም ልትነግረው አልፈለገችም። ደግሞ ሲጠይቃት «እጁ የነካው ሁሉ ይለመልማል ነው የሚለው» አለችው።

ታፈረ «ይሄን ነው ያጠፋሽው?» አላት።

«ተባርረህ እኮ ነበር፣ ታፈረ። ውሸት ነው።»

«መባረሬን መቼ አጣሁት? ዕድሜ ልኬን ስቆፍር አንድ ሰው እጅህ ይባረክ ብሎኝ አያውቅም። ልጆቼ ቢያዩት ምን ነበረበት? ማን ፈቀደልሽ?»

«ስጽፈውም አልፈቀድክልኝም።»

«ሁለቴ በደልሽኝ በያ!» አለና ትከሻዋን ገፍቷት አለፈ።

ሻጯ ሚዛኑን ይዛ ትጠብቃት ነበር። ጽጌማርያም ሽንኩርቷን ገዛችና ወደ ጋሸና የሚሄደውን መኪና ልትፈልግ ወጣች።