ለድንጋዩ የሚነገር ስም

አያቴ ሰው አያምኑም ነበር። ደባርቅ ለገበያ በሄድን ቁጥር የዘማቾች መታሰቢያ ፓርክ ሳንገባ አንመለስም። ሐውልቱ ላይ አብረዋቸው የዘመቱት ሰዎች የዓለም ስም ተጽፏል። እሳቸው ግን ጥበቃው መራቁን አይተው፣ አፋቸውን ወደ ድንጋዩ አስጠግተው የእያንዳንዱን የክርስትና ስም ያንሾካሹካሉ። ጸሎት የሚደርሰው በዚያ ስም ነው ይሉ ነበር።

ጠጋ ስል፣ «ወዲያ በይ፤ የክርስትና ስሙን ያወቁበት ሰው መተት ይሠራበታል» ይሉኛል።

«የሞተ ሰው ላይ ምን መተት አለ፣ አባባ?»

«ተዪኝ ልጄ፤ ጠላት ለሞተም አይተኛም።»

የእሳቸውን የክርስትና ስም የሰማሁት ባለፈው ወር፣ ቄሱ በፍትሐታቸው ላይ ሲጠሩት ነው። የጓዶቻቸውን ግን ይዘውት ሄዱ።

ትናንት ብቻዬን ፓርኩ ገባሁ። ከሐውልቱ ሥር፣ እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ይቆሙባት የነበረችው ቦታ ባዶዋን ናት። እዚያው ቆሜ የማውቀውን አንድ ስም፣ የእሳቸውን፣ ለድንጋዩ ልነግረው ጎንበስ አልኩ። ጥበቃው ከኋላዬ መጥቶ ኖሯል።

«ምን አልሽ፣ እህቴ?»

«ምንም።»

እስኪርቅ ጠበቅሁ። እናንተም አትጠይቁኝ።