ሦስታችንን የወጋች መርፌ

ባለፈው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በግፋታ በዓል፣ የእህቴ ልጅ ሰላም ከሐዋሳ መጥታ እኛ ቤት ሰነበተች። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሥጋውን በዳጣ እያጣቀስን ስንበላ ስልኳን አውጥታ አንድ ሥዕል አሳየችኝ፤ ከምትከታተለው የጃፓን ካርቱን የተወሰደ፣ ክንፍ ያለው ቀበሮ።

“አክስቴ፣ ይቺን ክንዴ ላይ ላስነቅሳት ነው። ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ” አለችኝ።

ሥዕሉ ያምራል። እኔ ግን የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

እኔም በአሥራ ስድስት ዓመቴ ተነቅሻለሁ። ሰላም ሰዓቴን ሳወልቅ አይታኝ ስለማታውቅ አልጠረጠረችም። ያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ቪዲዮ ቤት የሌለበት ሰፈር አልነበረም። የኛ ሰፈሩ ከገበያው በታች ያለ የቆርቆሮ ክፍል ነበር፤ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ውስጡ በላብና በተቆላ በቆሎ ሽታ የታፈነ። የካራቴ ፊልም ነበር የምናየው። ቋንቋውን አንሰማም፤ ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን የማንን ደም ሊመልስ እንደመጣ ግን ጠንቅቀን እናውቃለን።

ለሴት ልጅ እዚያ መግባት ነውር ነበር፤ አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ለሆነባትማ አይወራም። እኔ ከጀማል ጋር ተደብቄ እገባ ነበር። ጀማል የክፍሌ ልጅ ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። ሁለታችንም በአንድ ፊልም አብደን ነበር። ጀግናው የእጁ አንጓ ላይ ጅራቱን ያነሣ ጊንጥ ተነቅሷል። ያንን ጊንጥ በየደብተራችን ሽፋን እንሥለው ነበር።

ማጫወቻውን የሚያሠራው መስፍን ከሁምቦ የመጣ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው ወጣት ነበር። ፊልሙን ከእኛ ይበልጥ ይወደዋል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መብራት ጠፋ። ሰዉ ተበተነ፤ ሦስታችን ቀረን።

“ጊንጡን ብንነቀሰውስ?” አለ መስፍን።

የኩራዝ ጥላሸት በውሃ በጠበጠ። በልብስ መስፊያ መርፌ መጀመሪያ የራሱን አንጓ ወጋ፤ ቀጥሎ የጀማልን፤ በመጨረሻ የኔን። በየመሐሉ መርፌዋን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋታል። አመመኝ፣ ግን ኮራሁ።

መጀመሪያ የፈራሁት አባቴን ነበር። በዚያ ሙቀት እጅጌው የረዘመ ሹራብ ለብሼ ከረምኩ። ቁስሉ ሲድን ፍርሃቱም ቀለለ። መስፍን ግን በዚያው ሰሞን ማሳል ጀመረ። ቀበቶው ላይ በየጊዜው በምስማር አዲስ ቀዳዳ ይበሳ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቪዲዮ ቤቱን ሌላ ሰው ከፈተው፤ መስፍን ታሞ ወደ እናቱ ቤት ሄደ ተባለ።

ኅዳር ላይ አንዲት ነርስ ትምህርት ቤታችን መጥታ ስለ ኤች አይ ቪ አስተማረችን። ስለ ምላጭ ተናገረች፤ ቀጥላ “መርፌ” አለች። ከፊቴ ሦስት ወንበር አልፎ የተቀመጠው ጀማል ዞሮ አላየኝም፤ ግራ እጁን ብቻ ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው በታች አደረገው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። ጉሮሮዬ ሲከረክረኝ ጀመረኝ እላለሁ። ታናሽ ወንድሜ በኔ ኩባያ ውሃ ሲጠጣ ነጥቄ ደፋሁበት፤ እናቴ ክፉ ልጅ ብላ ተቆጣችኝ። ለማን ልንገር? በመጨረሻ ከጀማል ጋር መስፍንን ልንጠይቀው ተስማማን። እሱ ጤነኛ ከሆነ እኛም ጤነኛ ነን።

በጥር ፀሐይ በጭነት መኪና ላይ ተጭነን ሁምቦ ወረድን፤ ከዚያ በጋሪ። አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ይንቀጫቀጫል። መስፍንን ደጃፋቸው ካለ ዛፍ ሥር ቁርበት ላይ ተኝቶ አገኘነው። ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ቀርቷል። እናቱ በወላይትኛ መርቀውን የተቀቀለ ስኳር ድንች በሳህን አቀረቡልን። ጀማል አንሥቶ በላ። እኔ “ጾም ነኝ” ብዬ ዋሸሁ።

ከዚያ እንዴት ነህ እንኳ ሳልለው፣ “ከመነቀሳችን በፊት ታመህ ነበር?” አልኩት።

“ለዚህ ነው የመጣችሁት” አለ። “ተመርምሬ አለብህ ብለውኛል። መቼ እንደያዘኝ አላውቅም። ሰው ልልክባችሁ አስቤ ፈራሁ። ሂዱና ተመርመሩ።”

ሰኞ ትምህርት ቀርተን ሆስፒታል ሄድን። ደም ሰጥተን አግዳሚው ላይ ጠበቅን። ጀማልን አስቀድመው ጠሩት። ሲወጣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ። እንግዲህ አበቃልን አልኩ። ስሜ ሲጠራ ውጤት ወደምትነግረው ነርስ ክፍል ገባሁ።

“ነጻ ነሽ፣ ልጄ” አለችኝ። ሁለቴ አስደገምኳት። ጀማልም ያለቀሰው ነጻ ነህ ስላሉት ነበር።

መስፍን ክረምት ሲገባ ሞተ። መድኃኒቱ በየወረዳው የተዳረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጀማል ለቅሶ ሊሄድ ሲነሣ ጠራኝ፤ እኔ ቀረሁ። የት አወቅሽው ብሎ አባቴ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ።

ይህን ሁሉ ለሰላም ነገርኳት። መርፌው ዓይንሽ እያየ ከእሽጉ እንዲወጣ ተጠንቀቂ አልኳት እንጂ አትነቀሺ አላልኳትም፤ መውደዷን አውቀዋለሁ። ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ፣ “እናቱን ከዚያ በኋላ አይተሻቸዋል?” አለችኝ።

አላየኋቸውም። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። በዚያ መንገድ ወደ አርባ ምንጭ ስንት ጊዜ አልፌአለሁ፤ ሁምቦ ስንደርስ ሁልጊዜ በሌላው መስኮት ነው የማየው። በሽታውን የፈራ ልጅ ይቅር ይባላል እላለሁ። አንዲት እናት ያቀረቡትን ምግብ ሳልቀምስ መነሣቴን ግን ማን ይቅር እንደሚለኝ አላውቅም፤ በሕይወት ካሉ ከሳቸው በቀር።