የእንዳላማው አውጫጭኝ

እንዳላማው ወልደ ሩፋኤል ጭቃ ሹም የሆነው ለምኖ አይደለም። በጽድ አምባ ጭቃ ሹምነት ከላይ የሚወርድ ሹመት አልነበረም። ባለርስቱ በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰብስቦ አንዱን ይመርጣል። ተመራጩ እንደ ወጉ «አልችልም፣ ተዉኝ፣ ልጆቼን ላሳድግ» ይላል፤ ሰውም እንደ ወጉ አይሰማውም። የእንዳላማው እምቢታ ግን ከልቡ ነበር። ዘመኑ 1930 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፣ አርበኛው ጫካ ገብቷል፣ መሐል ያለው ባላገር ለሁለቱም ይገብራል። ብልጦቹ ሁሉ የምርጫው ዕለት ወገባቸውን አመማቸው፤ ሩቅ አገር ያለ ዘመድም ታመመባቸው። እንዳላማው የዋህ ነውና መጣ። ስለመጣም ተመረጠ።

ሰውየው ሥራ ያውቅ እንደነበር አልክድም፤ ኋላ ያደረገውን ስነግራችሁ ይህን እንዳትረሱብኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ገበያተኛ የሚወስደው ወንዝ ላይ ሰዉን አስተባብሮ የግንድ ድልድይ ያስጣለ እሱ ነው። በአንድ ክንድ ድንበር ዐሥራ ሁለት ዓመት የተኳረፉ ወንድማማቾችን ከአንድ ገበታ ያስቀመጠ እሱ ነው። ጣሊያን ገብስና እንቁላል ሲያዝ ግማሹን አድርሶ «ቀሪውን ተምች በላው» ብሎ ይምላል፤ ቀሪው ለአርበኛው ስንቅ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የጣሊያኑ አስተርጓሚ፣ ቱርጁማኑ፣ «እንቁላልም ተምች ይበላዋል?» ቢለው፣ «የዘንድሮው አይምርም ጌታዬ» አለ። ቱርጁማኑ እንኳ ሳቀ። እስከ የካቲት ድረስ ከጽድ አምባ አንድ ሰው አልሞተም፤ አንድ ጎጆም አልተቃጠለም።

በየካቲት የስልኩ ሽቦ ተቆረጠ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ የሚሄደው ሽቦ በጽድ አምባ ማሳ ዳር ያልፍ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሁለት እንጨት መካከል ያለው ሽቦ በቦታው አልተገኘም። በማግስቱ ጣሊያኑ ሹም ከአስካሪ ወታደሮቹና ከቱርጁማኑ ጋር መጣና ሰዉን ሜዳ ላይ ሰበሰበ። ቆራጩ በሦስት ቀን ካልተሰጠው መንደሩን እንደሚያቃጥል ተናገረ። ፉከራ አይደለም። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ባለፈው ወር ሲነድ ጭሱን ሁሉም ከደጃፉ ሆኖ አይቷል።

እንዳላማው ነጠላውን አደግድጎ ወደ ፊት ወጣ። እስኪሞት ድረስ ምላሴን በቆረጠው ያለበትን ነገር የተናገረው ያን ጊዜ ነው።

«ጌታዬ፣ እኛ ጥፋተኛ የምናወጣበት የራሳችን ሕግ አለን። አውጫጭኝ ይባላል» አለ።

አውጫጭኝ የአባቶች ሥርዓት ነው። ከብት ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል ወንዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሦስት ሰሚዎች ይመረጣሉ። ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እየማለ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ ማን ምን እንዳለ ግን መቼም አይወጣም። ሰሚዎቹ በመጨረሻ ተነሥተው «ወፍ ነገረችን፣ እገሌ ነው» ይላሉ። እገሌም ካሳ ይከፍላል፣ ይቅር ይባላል፣ አገር ይታረቃል። ጥፋተኛው ካልታወቀ ደግሞ ካሳውን ሁሉም ያዋጣል። በጽድ አምባ በአውጫጭኝ የተነሣ ደም ፈስሶ አያውቅም።

ጣሊያኑ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «ያገኛችሁትን ስጡኝ፤ የቀረውን ሰው አልነካም» አለ።

«እንደ አገሩ ሕግ ካሳ ይከፍላል። ካነሰውም እኛ እንጨምርለታለን» አለ እንዳላማው።

ቱርጁማኑ ተረጎመ። ጣሊያኑ ራሱን ነቀነቀ። እንዳላማው ያን መነቅነቅ እንደ መሐላ ቆጠረው። ከአገሩ ሽማግሌ አንዱ በሕዝብ ፊት እንዲያ ቢነቀንቅ ኖሮ መሐላ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንዳላማው ወደ ሚስቱ ወንድም ወደ ኃይለ ሚካኤል ቤት ጎራ አለ። ኃይለ ሚካኤል አጥሩ ሥር ተቀምጦ ሞፈሩን ያሰናዳል። እንዳላማው ሞፈሩን አየ። የተሰነጠቀው ሞፈር ከወገቡ ላይ በሚያብረቀርቅ ሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሟል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሽቦ ነዋ» አለ ኃይለ ሚካኤል። «ሜዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፣ ጠባቂ የለው፣ ባለቤት የለው። ጠፍር ቢያስሩት ክረምቱን አይዘልቅም። ለማን ይቸግራል ብዬ ነው።»

አርበኛም አይደለም፣ ባንዳም አይደለም፤ ሞፈሩ የተሰነጠቀበት ገበሬ ነው። እንዳላማው ሽቦውን በገዛ እጁ ፈትቶ ከበረቱ ፍግ ሥር ቀበረው። ቤቱ ሲደርስ የብርጓል የምትባለው ሚስቱ ነገሩን ከወንድሟ ቀድማ ሰምታ ኖሮ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው። አራቱን የወንድሟን ልጆች ስም አንድ በአንድ ጠራች።

«ወንድሜን ለፈረንጅ የሰጡ ዕለት እኔንም አብረው ይስጡኝ» አለችው።

«ማንንም አልሰጥም። ከእኔ ሌላ ያየ የለም፤ 'አልታወቀም' ይባላል፤ ካሳውን ሁላችን እናዋጣለን፤ አለቀ» አላት።

ስሌቱ ይህ ነበር። ሕዝቡም የራሱ ስሌት እንደነበረው አላወቀም።

በማግስቱ ወንዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ዋለ። ሰሚዎቹ እንዳላማው፣ የደብሩ ቄስ መምሬ ፍሥሐና አያ ድረስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያው ሰው ቀረበ፣ ማለ፣ ጎንበስ ብሎ «ሙላት» አለ። ሁለተኛውም «ሙላት» አለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ዐሥረኛው እንደዚያው።

ሙላት ቀጥቃጩ ነው። ከመንደሩ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ከሚስቱ ከጤናዬ ጋር ይኖራል። የጽድ አምባ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሁሉ ከእጁ የወጣ ነው። ሆኖም ጠይብ ነውና ርስት የለው፣ በማኅበር አይጠራ፣ ልጅ ያቀፈች ሴት ስታየው ልጇን በነጠላ ትሸፍናለች። ቀን በእጁ ሥራ ያርሳሉ፣ ማታ ቡዳ ነው ይሉታል። አሁን ደግሞ ሽቦ ብረት ነው፣ ብረት የጠይብ ነው አሉ። ይልቁንም ሰዉ ተማክሮበት ነበር፤ ሙላት የሚነቀል ርስት የለውም፣ ካሳውን እኛ እናዋጣለታለን፣ እሱን ምን ይጎዳዋል ተባብሏል። በክፋት አልነበረም ይላሉ እስከ ዛሬ። እኔ ግን ከክፋት በምን እንደሚሻል አይገባኝም።

ኃይለ ሚካኤልም ተራው ደርሶ ቀረበ። በቅዱስ ሚካኤል ስም ማለ። የእህቱን ባል ዐይን ሸሽቶ፣ «ሙላት» አለ።

ሙላት ጠይብ ነውና መጨረሻ ተጠራ። ተንበረከከና ማለ፤ ከዚያ ወደ እንዳላማው ጆሮ ተጠጋ።

«ሞፈሩን አጥብቅልኝ ብሎ እኔ ዘንድ አምጥቶት ነበር፤ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ» አለ በለሆሳስ። «የማውቀውን አውቃለሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ። ለፈረንጅ የሚሰጥ ስም ግን ከእኔ አፍ አይወጣም።»

ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሰው ስም ያልሰጠ እሱ ብቻ ነው።

ሦስቱ ሰሚዎች ለብቻቸው ገለል ብለው ቆሙ።  «ሁሉም አንድ ቃል ተናግሯል፤ እኛ ምን እንጨምራለን» አሉ መምሬ ፍሥሐ። አያ ድረስም «ካሳ ነው፤ ይከፈልለታል» አሉ። እንዳላማውም ይህችን «ካሳ ነው» የምትል ቃል ሙጥኝ አለ። ወደ ሕዝቡ ተመልሶ፣ ጭቃ ሹም እሱ ነውና፣ በራሱ አንደበት «ወፍ ነገረችን፤ ሙላት ነው» አለ።

አስካሪዎቹ ሙላትን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። ጤናዬ ከወንዙ እየሮጠች ደርሳ ከእንዳላማው እግር ላይ ወደቀች። «ተነሽ፣ ካሳ ነው፤ ቅዳሜ ይመለሳል» አላት። ይህንንም አምኖበት ነበር።

ዐርብ ዕለት ሙላት በማግስቱ በደብረ ማርቆስ ገበያ እንደሚሰቀል ተሰማ። እንዳላማው መንደሩ ያዋጣውን በሬ እየነዳ፣ አንድ እንስራ ማር አሸክሞ፣ በግማሽ ሩጫ ምሽጉ ደረሰ። ጣሊያኑ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ጫማውን ያስጠርጋል። እንዳላማው መሬት ሳመ። የአገሩን ሕግ አስረዳ፣ ካሳውን አሳየ፣ ራስዎን ነቅንቀውልኝ ነበር አለው።

ጣሊያኑ ሰማውና በቱርጁማኑ በኩል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። «የቆረጠው ሌላ ሰው ነው? ከሆነ ስሙን ንገረኝና ይህንን አሁኑኑ እፈታዋለሁ።»

ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። ስሙ አንድ ነው፤ እንዳላማው ያውቀዋል፣ ከምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። የብርጓል ደጃፍ ላይ ቆማ ታየችው። አራቱ ልጆች ታዩት። ከግንቡ በስተኋላ የታሰረው ሰው ያለውም ታወሰው፤ ለፈረንጅ የሚሰጥ ስም ከአፌ አይወጣም። እንዳላማውም ስም አልሰጠም። በአንዱ አፍ ላይ ጀግንነት የነበረ ዝምታ በሌላው አፍ ላይ ምን እንደሚባል እሱው ራሱ ያውቅ ነበር።

«ሕዝቡ ያለውን ነው እኔም የምል» አለ።

በሬውና ማሩ ምሽጉ ውስጥ ቀሩ። ሙላት ቅዳሜ ተሰቀለ። እንዳላማው ገበያው መሐል ቆሞ እስከ መጨረሻው አየ፤ ዘወር ማለት እንኳ ለእሱ የማይገባ ዕረፍት መሰለው።

ጽድ አምባ አልተቃጠለችም። በኅዳር ሕዝቡ ተሰብስቦ እንዳላማውን እንደገና መረጠው። ተራው የሌላ ወገን ነበር፤ ግን «መንደራችንን ከእሳት ያወጣ ሰው እያለ» ተባለ። በሦስተኛውም ዓመት መረጡት፣ በአራተኛውም። እምቢ ባለ ቁጥር ትሕትናው ተመሰገነለት። ድልድዩን አደሰ፣ ድንበር አስታረቀ፣ ለጣሊያንም ለአርበኛም ገበረ። ማረሻ የሚያሾል ስለጠፋ ገበሬው የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ ሌላ ጠይብ ፈለገ፤ ለምን እንደጠፋ ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም። ጤናዬ ወንዙ ዳር ብቻዋን ሸክላ እየሠራች ኖረች። እንዳላማው እህል ይልክላታል፤ እሷም አትመልስም፣ አትቀበልም፤ ጆንያው ከደጃፏ ላይ ወፍ እየለቀመው ያልቃል።

በ1933 ጣሊያን ወጣ። በዓመቱ የመንግሥት ሹም ጽድ አምባ መጣ፤ በጠላት እጅ የሞቱ አርበኞችን እየጻፈ ለቤተሰቦቻቸው ከባንዳ የተወረሰ መሬት የሚሰጥ ነው። ያን ቀን ጽድ አምባ ሙላትን አስታወሰች። እነዚያው አፎች ተከፈቱ። ሙላት የጠላትን ስልክ የቆረጠ ጀግና ሆነ፤ መምሬ ፍሥሐ ስሙን በጸሎት እንደሚያነሡ ተናገሩ። ከሁሉ አብልጦ የተናገረው ኃይለ ሚካኤል ነው። «አብረን ነበር የመከርነው፤ እሱ ቀደመኝ እንጂ» ብሎ ዐይኑን ጠረገ። እሱም ተጻፈ።

ጤናዬ ተጠርታ መጣች። ሹሙ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣትና መሬቱን በእጁ አመለከታት፤ ከወንዙ በላይ ያለ፣ ድንጋይ የሌለው ጥቁር አፈር ነው። በጽድ አምባ ለጠይብ መሬት ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ጌታዬ» አለች ጤናዬ፣ «ባሌ ሽቦ አልቆረጠም። እዚህ የቆመው ሰው ሁሉ አልቆረጠም ብሎ ይጻፍልኝ። ሌላ የምፈልገው የለም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሹሙ ግራ ገባው። «እሜቴ፣ አልቆረጠም ከተባለ አርበኛ አይደለም፤ መሬቱም ይቀራል» አላት። አሁንም መለሰችለት፤ አልቆረጠም። ሹሙ ወደ እንዳላማው ዞረ። «ጭቃ ሹም፣ ያኔ አውጫጭኙን የመሩት እርስዎ ነዎት። ይመስክሩ፤ ቆርጧል ወይስ አልቆረጠም?»

እንዳላማው አራት ዓመት የጠበቀው ጥያቄ ይህ ነበር። እውነቱን ቢናገር ሴትዮዋ መሬት ታጣለች ብሎ አሰበ። ቢያንስ ላጉርሳት፣ ቢያንስ ይህን ላድርግላት አለ በልቡ። ከዚህ በታች ሌላ ምክንያት እንዳለ ያውቃል፤ ኃይለ ሚካኤል ከጎኑ ቆሟል፣ የብርጓል ከሴቶቹ መካከል ታየዋለች፣ ሕዝቡ ሁሉ ይጠብቃል።

«ቆርጧል» አለ።

ጤናዬ ተጠጋችው። አልጮኸችም።

«ያኔ 'ቆርጧል' ያሉት ለጣሊያን ነበር» አለችው። «ዛሬስ ለማን ነው?»

 መልሱን ሳትጠብቅ ዞረች፤ የሙላትን መዶሻና ሁለት ማሰሮ በጀርባዋ አዝላ በዚያው ሳምንት የሉማሜን መንገድ ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። መሬቱ አንድ ክረምት ጦም አደረ። በሁለተኛው ዓመት ኃይለ ሚካኤል አረሰው፤ ርክክቡን የፈረመለትም ያው ጭቃ ሹሙ እንዳላማው ነው።