የከበደውን መድገም

አሰልጣኝ ለመሆን የቆረጠችው የአሥራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጄ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ፊሽካዋን ስትነፋ፣ ልቡናዬ ወደ ዜማ ቤት ዘመኔ ተመለሰ። ያኔ እኔም ታናናሾቼን ተማሪዎች በጨርቅ ኳስ አሰለጥን ነበር። አንድ ቀን ኳስ ያልሆነለትን ትንሹን ተማሪ «ውጣ፣ አታስሸንፈን!» ብዬ አስለቀስሁት። መምህራችን የኔታ ከቅጥሩ ሆነው ሰምተውኝ ኖሯል። ሊከለክሉን ነው ብዬ ኳሱን ከኋላዬ ሸሸግሁ።

«ምነው ልጄ፣ ዜማ የከበደውን ከጉባኤ ታስወጣዋለህ?»

«የለም የኔታ፣ እደግምለታለሁ።»

«ታዲያ ኳሱንም ድገምለት።»

ነገሩ በቅጡ ሳይገባኝ እያጉረመረምሁ ደገምሁለት። በእሑዱ ግጥሚያ በእርሱ ስሕተት ተሸነፍን። ልጁ ግን አላለቀሰም፤ «ነገም ትደግምልኛለህ?» አለኝ።

አሁን የልጅ ልጄ ኳስ ያመለጣትን ሕፃን «ነይ፣ እንደገና» ስትላት እሰማለሁ። ይህን ታሪክ ነግሬያት አላውቅም፤ ተመስገን አልሁ።