ጠጠሬና የወንድሜ ጋዝ

አባየ ወንድሜን ማወደስ የሚጀምሩት ገና ቡሬ ወርጄ፣ ያን ሁሉ ዳገት በጭቃ ወጥቼ፣ ውሃ እንኳ ሳልጎነጭ ነው። «ወንድምሽ እኮ ከእበት እሳት አወጣ! ማጀቱን ከጭስ ገላገለው!» ታናሼ ነው። ከበረቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ ባዮጋዝ አሠርቷል። እኔ ደግሞ ኬሚስት ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጋዝን ከጋዝ የሚለይ ማዕድን በመሥራት ነው። ስለዚህኛው አባየ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እቀናለሁ። በታናሼ፣ በጉድጓዱ፣ እውነቱን ለመናገር በላሞቹም ጭምር።

የእበት ጋዝ ሁሉም አይነድም። ከሚነደው ሚቴን ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀላቅሎ ይወጣና እሳቱን ያደክመዋል። እኔ የምሠራው ዚዮላይት ይባላል፤ ከነጭ ሸክላ አፈርና ከኮስቲክ ሶዳ የሚበስል፣ ውስጡ ሁሉ በአንድ ልክ የተቦረቦረ ክሪስታል ነው። ሥራው ያለው ቀዳዳው ላይ ነው። ሶዲየም ካለበት የቀዳዳው በር ካርቦን ዳይኦክሳይድን አስገብቶ ሚቴንን ይመልሳል፤ ካልሲየም ብተካበት ሰፍቶ ሁለቱንም ያስገባል፤ ፖታሲየም ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ይጠባል። ያችን ልክ እስካገኝ ስንቱን ዱቄት ደፍቻለሁ። ባለፈው ፍልሰታ አንድ ባልዲ ጠጠር አድርጌ ይዤ መጣሁ። የወንድሜ ጋዝ በእኔ ጠጠር አልፎ ሲንቦገቦግ አባየ ያያሉ፤ አንዲት የምስጋና ቃል ትወጣቸዋለች። የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ቧንቧ ልገዛ ቡሬ ወርጄ ስመለስ የወንድሜ ሚስት ባልዲውን ውሃ ሞልታ ጠጠሩን ታሻለች።

«ኧረ ምን እየሠራሽ ነው!»

«አቧራ ቢጤ አለበት እኮ እትዬ። ለማጀት የሚሆን ነገር ሳይታጠብ ይገባል? ግን ምን ዓይነት ድንጋይ ነው ያመጡብን? ያለ እሳት ውሃውን አተኮሰው፤ እጄን ፈጀኝ!»

እውነቷን ነው፤ ደረቅ ዚዮላይት ውሃ ሲጠጣ ይግላል። ነገር ግን ቀዳዳውን ሁሉ ውሃ ከያዘው ለጋዝ ቦታ አይተርፈውም። ጮህሁ። አባየ ከመደባቸው ሆነው «ድንጋይ ታጠበ ተብሎ ይለቀሳል?» አሉና ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ። ያንገበገበኝ የእሱ ሳቅ ነው።

መላው ማድረቅ ነው። ቆሎ በሚቆላበት ብረት ምጣድ፣ በከሰል፣ ጠጠሩን ስቆላ ዋልሁ፤ ክንዴ ሲዝል ወንድሜ ማማሰያውን ተቀበለኝ። ትኩሱን እርጥበት እንዳያገኘው ጣሳ ውስጥ ከደንነው። ሲበርድ ከምድጃው ቧንቧ ጋር አገጣጠምሁት፤ የጋዙን የራሱን እርጥበት የሚይዝ ሌላ የጠጠር ጣሳም ከፊቱ አስቀደምሁ። ወንድሜ ክብሪት ጫረ። እሳቱ ትንሽ ተወላገደና ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ አለ። ሽሮው ከወትሮው ቀድሞ ተንተከተከ።

አባየ አጎንብሰው አዩት።

«እንግዲህ ሽሮው እንዳያር» አሉና ወጡ።

በማግሥቱ ወንድሜ ሻንጣዬን ተሸክሞ ቡሬ ድረስ ሸኘኝ። መንገድ ላይ አላስቻለኝም። «አንተ ብትሆን ኖሮ አገር ይሰማልህ ነበር» አልሁት።

«እኔ?» ቆመ። «እታለም፣ እኔን በፊቴ አንድ ቀን አመስግነውኝ አያውቁም። ልጅ በፊቱ ከተመሰገነ ይበላሻል ባይ ናቸው። እኔ የምሰማው ስለ አንቺ ነው፤ ጧት ማታ! ስንዴን ከእንክርዳድ እንደመለየት ጋዝን ከጋዝ የምትለይ ልጅ አለችኝ ይላሉ። በገበያ ቀንማ ለእህል ሻጩ ሁሉ ነው የሚያወሩት። ስለ አንቺ ስሰማ ሰለቸኝ እኮ!»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቅናቴ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልለቀቀኝም። የቡሬ እህል ሻጭ ሁሉ የሰማውን እኔ አልሰማሁም።

አውቶቡሳችን ፍኖተ ሰላምን አልፎ ጅጋ ሲደርስ አባየ ደወሉ።

«ደኅና ተሳፈርሽ? ወንድምሽ እኮ፣ ያን ድንጋይ እንዴት አድርጎ እንደቆላው አየሽልኝ? እጁን ይባርከው!»

«አየሁ አባየ።»

ወንድሜ ቤት እንደሌለ ከዚህ አወቅሁ። ማታ ሲገባ ተራው የእኔ ይሆናል። እሳቱን ለኩሰው፣ ሽሮው እስኪበስል ስለ እኔ ያወሩለታል። እሱም እየሰለቸው ይሰማል።