ለአጎቴ የቀዳሁት አብሾ

ክረምት ላይ የሐይቁ ዳር አረም ሲታጨድ፣ ከሣሩ ሁሉ ተለይቶ የሚከረፋ አንድ ሽታ አለ፤ የአስተናግር ቅጠል ሲቀጠቀጥ የሚሸተው ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ቆም ብዬ እስበዋለሁ፣ ከዚያም ፈገግ እላለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ካረፈ በኋላ፣ እናቴና እኔ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር እንኖር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ይትባረክ ዘጌ ቅኔ ይማር ስለነበር ለበዓል ብቻ በጀልባ ይመጣልን ነበር። የአባቴ ወንድም ደብተራ ጥሩነህ ደግሞ ጎረቤታችን ነበር። ፊት ለፊት «አንቱ» እያልሁት አድጌያለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም፣ አይገባውም። ከወንድሙ ቤት ሊቅ ወጥቶ «ያበቃሁት እኔ ነኝ» ማለት ይመኝ ነበርና፣ የይትባረክ ትምህርት መጓተት ያንገበግበው ነበር።

ለእንቁጣጣሽ ይትባረክ በመጣ ማግስት፣ እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ ደብተራው ጠዋት መጥቶ ጥቋቁር ፍሬ ወቅጦ፣ በማር በጥብጦ፣ በሰማያዊዋ ኩባያችን ለወንድሜ በባዶ ሆዱ ሰጠው። እኔ በሩ ሥር ሆኜ ሁሉንም አየሁ። «ጠጣት፤ ከእንግዲህ የሰማኸው አይጠፋህም» አለው። አብሾ ነበር፤ የቆሎ ተማሪ አእምሮ ይስላል እያለ ከጥንት ጀምሮ የሚጠጣው የአስተናግር ፍሬ።

ብዙም ሳይቆይ የይትባረክ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጠቀ፣ የዓይኑ ጥቁር ነጩን ሊውጠው ደረሰ፣ ከአየር ላይ የሌለ ክር እየለቀመ ያጠነጥን ጀመር፤ ከሞተው አባታችን ጋርም ሲያወጋ ዋለ። «አባባ፣ ጀልባው ሞልቷል፣ ይውረዱ» ይለው ነበር። ልቡ ከተመለሰለት በኋላ እንኳ ዳዊቱን ሲገልጥ ፊደሉ እየተደበላለቀበት ለቀናት ማንበብ አልቻለም፤ የዚያችን ጠዋት ነገር ደግሞ ከነጭራሹ አያስታውስም ነበር።

ደብተራው ታዲያ አጠጣሁት ይላል? ሰፈሩን እየዞረ፣ ልጇ ከጉያዋ እንዳይርቅ እናቱ መድኃኒት አቅምሳዋለች ብሎ አወራ። ከዚያ ወዲህ ከእናቴ እጅ የሚጠጣ ጠፋ፤ ሰው ጠላዋን በይሉኝታ ይቀበልና ከንፈሩን ብቻ አስነክቶ ያስቀምጠው ነበር፣ እሷም እንግዳ ከወጣ በኋላ የሞላውን ብርጭቆ ሁሉ አጥሩ ሥር ትደፋው ነበር። እኔ ያየሁትን ስናገር እናቷ አስጠንታት ነው ተባለ።

ጥቅምት ላይ እናቴ እጄን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መርማሪው ቅን ሰው ነበር፤ በመስኮቱ ወደ አጥሩ ጠቆመንና «ይኸውላችሁ፣ አስተናግሩ እኛም ግቢ በቅሏል» አለ። «ሐሺሽ ቢሆን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይህ ግን በግቢህ አይብቀል የሚል ሕግ እኔ አላውቅም። ወንጀሉ ሰውን አጠጥቶ መጉዳቱ ነው፣ እትዬ፤ ለሱ ደግሞ ምስክር ያስፈልጋል።» የተጎዳው አያስታውስ፣ ያየሁት እኔ ልጅ ነኝ። ስንወጣ እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ፣ እኔ አጥሩ ሥር የቆመውን እሾሃም ፍሬ እያየሁ፣ ምስክር ከጠፋ ደብተራው ራሱ ይመስክራ ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀሌን እንደ ዶሮ እንቁላል ታቅፌ ከረምሁ።

ጥር ላይ አባቴ ሲዘክር የኖረው የሥላሴ ዝክር ደረሰ። የነፍስ አባታችን ቄስ ሞላና ጎረቤቱ ሁሉ መጡ፤ ደብተራውም የቤቱ ታላቅ ነኝ ብሎ ከላይ ተቀምጦ ስለ እናት ተንኮል ተረት ያወራ ነበር። የእናቴ ጠላ እንደተለመደው በየሰው ፊት ሞልቶ ቆሟል። እኔ ጓዳ ገብቼ ጥቁር አዝሙድ ፈርከስ አድርጌ፣ በማር በጥብጬ፣ በዚያችው ሰማያዊ ኩባያ ቀዳሁና፣ እንደ ጨዋ ልጅ በሁለት እጄ ይዤ፣ ዝቅ ብዬ አቀረብሁለት።

«አጎቴ፣ ይጠጡልኝ» አልሁት። «በመስከረም ለይትባረክ የሰጡት ነው። አእምሮ ይስላል ብለውት አልነበር?»

ወደ ኩባያዋ አየ፤ ጥቋቁሩ ፍሬ ሲንሳፈፍ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፣ እጄንም ገፋው።

«ልትገድይኝ ነው? ለሱ የሰጠሁት የዚህን ሩብ አይሆንም!»

ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ቀና አሉ።

«ጥሩነህ፣ ሳትቀምሰው በምን አወቅኸው? ለማንስ ነው የሰጠኸው?»

እኔም በሰው ሁሉ ፊት ኩባያዋን ወደ አፌ አንስቼ እስከ አተላዋ ጨለጥኋትና፣ ከንፈሬን እየላስሁ «ጥቁር አዝሙድ ነው» አልሁ። እንዴት እንደጣፈጠኝ! ቄስ ሞላ ፊታቸው የቆመውን ብርጭቆ አንስተው ባዶ አደረጉትና ወደ እናቴ ዘረጉት። «ወለተ ማርያም፣ ድገሚኝ» አሉ። ከዚያ ሁሉም ጠጣ፤ እናቴ እንስራዋን ይዛ ስትመላለስ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር።

እናቴ ክሱን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ ብላ ተወችው። እኔ ግን አልሰጠሁም። ይትባረክም ዘጌ ተመልሶ እንደ ማንም ሰው እየረሳ፣ እየከለሰ ተማረ።

ያኔ በቤታችን ሳይጠጣ የሚደፋው የእናቴ ብርጭቆ ነበር፤ ዛሬ ጠላዋ ከእንግዳ አይተርፍም። ደብተራው በዓመት በዓል ሲመጣ ውኃ የምሰጠው እኔ ነኝ። ከመጠጣቱ በፊት አንገቱን ደፍቶ ኩባያው ውስጥ ያያል፤ እኔም አይቶ እስኪጨርስ ድረስ፣ በሁለት እጄ እንደያዝሁ፣ በትዕግሥት እጠብቀዋለሁ።