ዓናብና አውቶማቲኩ ስልክ

በደርግ ጊዜ ነው። እኔና ዓናብ ድሬዳዋ ስልክ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰው ከሰው እናገናኝ ነበር። አቦ፣ ያኔ ቁጥር የሚያውቅ ማን አለ! ሰው መነጋገሪያውን ያነሳና «ዓናብዬ፣ እስቲ ሙመድን ስጪኝ» ይላል፤ አለቀ። እሷም በሶማሊኛ ሰምታ፣ በኦሮምኛ ቀልዳ፣ በአማርኛ ተቆጥታ ታገናኛለች።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ጓድ ነጋ ሰበሰበን። መንግሥት ከተማዋን ሊያዘምን አውቶማቲክ ስልክ ስለሰጠን፣ ከእንግዲህ ሰው ራሱ ቁጥር እያዞረ ይደውላል አለ። አጨበጨብን፤ አለማጨብጨብ ይቻል ነበር እንዴ? «ትርፍ የሆነ ሠራተኛ አሰብ ይመደባል» ሲል ግን የዓናብ እጅ መሃል ላይ ቀረ። እናቷ ሽባ ሆነው አልጋ ላይ ናቸው፤ ከእሷ በቀር ውሃ የሚሰጣቸው የለም። ይዛቸው አትሄድ፣ ጥላቸው አትሄድ። ያን ሰሞን እህል ባፏ አልዞረም።

አዲሱ ስልክ በተከፈተ ማግስት ጨርቅ ነጋዴዋ ሃሊሞ እየጮኸች ገባች።

«ዓናብ! ጠገብሽ አይደል? ከጠዋት ጀምሮ ስጠራሽ ጢ... ብቻ ነው መልስሽ!»

ለካ ቁጥር ሳታዞር መነጋገሪያውን አንስታ ስትለምን ነው የዋለችው። ከኋላዋ ሌሎች አምስት አሉ፤ ሁሉም ዓናብን የተቀየሙ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ቅሬታ! «አለቀልኝ» አለችኝ ዓናብ።

ጓድ ነጋ ግን ስቆ ሲያበቃ፣ «በይ፣ እስኪለምዱ ድረስ በር ላይ ተቀምጠሽ አስተምሪያቸው» አላት። እኔ በደስታ ልስማት ስል ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሽታዬ፣ ከለመዱስ?»

«አንቺ ሞኝ፣ አበላሽተሽ አስተምሪያ!» አልኳት። እምቢ አለች። እንዲህ ያለች ግትር ወላሂ አላየሁም! የሃሊሞን ጣት ይዛ፣ በሶማሊኛ እየቆጠረች፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አዞረችላት። ቀን በቀን በሩ ላይ ያለው ሰልፍ ሳሳ። እሷም ጠዋት ጠዋት ሰልፉ ላይ የቀረውን ሰው ትቆጥራለች።

አንድ ረፋድ ማንም አልመጣም። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

«ዓናብዬ! ራሴ አዞርኩት! ማንም አልረዳኝም!» የሃሊሞ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ጎበዝ፣ ሃሊሞዬ» አለቻት ዓናብ። ቀና ስትል ጓድ ነጋ ከቢሮው ወጥቶ ቆሟል።

«ለመዱ ማለት ነው» አላት።